በአድናቂዎች ጉባኤ ሌሊት የሆቴል ክፍላችንን ከፍተን ቡና ልናፈላ ነው፤ የምታውቁ ምከሩን

ትዕግሥት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በግንቦት መጨረሻ ባልቲሞር ላይ ለሚደረገው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አድናቂዎች ጉባኤ፣ ባልቲኮን ለሚባለው፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ክፍል ይዘናል። ከምሽቶቹ በአንዱ በራችንን ለሁሉም ከፍተን ቡና ልናፈላ ወስነናል።

እንዲህ ያለውን ጉባኤ ላላያችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ቀኑ የሚያልፈው በውይይት መድረክ፣ በንባብ፣ በሥዕል ትርኢትና በመጻሕፍት ገበያ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን ሰዉ በአሳንሰር ወደ መኝታ ፎቆች ይወጣል። አንድ ማኅበር ወይም ጥቂት ወዳጆች ክፍል ይከራያሉ፤ አልጋውን ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፤ የገላ መታጠቢያ ገንዳውን በረዶ ሞልተው መጠጡን እዚያ ያቀዘቅዛሉ፤ ከዚያም በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። በሩ ክፍት ከሆነ የጉባኤውን ባጅ፣ ማለትም የመግቢያ ካርዱን፣ ያንጠለጠለ ሁሉ መግባት ይችላል። የተዘጋ በር የግል ነው፤ አይንኳኳም። መጽሐፏን እያነበብሽ ያለቀስሽላት ደራሲ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ድመቷ ስታወራ የምታገኚያት እዚያ ነው።

ይህን ሥርዓት ከልቤ እወደዋለሁ። ለዚህ አገር ባይተዋር በነበርሁበት ጊዜ፣ ስሜን አስተካክለው መጥራት የማይችሉ ሰዎች «ግቢ፣ ምን ትጠጫለሽ?» ብለው ቦታ የለቀቁልኝ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ግን ሁልጊዜ ተጋባዥ ነኝ። የሰው ቤት እየበሉ እየጠጡ የራስን በር አለመክፈት አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ተራው የእኛ ይሁን ብለናል።

የሚያስፈራኝ ግን አለ። ቡናው ሲቆላ ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን አያስጮኸውም? ከሰል ይዞ መግባት ይፈቀዳል? ዕጣንስ? ስንት ሰው ሊመጣ ይችላል? የማናውቀው ሰው ሰክሮ ቢገባ ምን እናደርጋለን? እነዚህን ሳላውቅ መጀመር አልፈልግም።


ሰባተኛ ፎቅ (ቺካጎ)

እሰየው እህቴ! ጠጉሬ የሸበተው በእነዚህ ኮሪደሮች ስመላለስ ነው፤ የቡና ቁሌት የሸተተኝ ጊዜ ግን የለም።

ልማዱ የራሱ ታሪክ አለው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ በ1939 ኒውዮርክ ላይ ሲደረግ የመጣው ሰው ሁለት መቶ ያህል ነበር። በዚያው ቀን በአድናቂዎች መካከል በነበረ ጠብ ምክንያት አዘጋጆቹ ስድስት ወጣቶችን ከበር መለሱ። ከስድስቱ አንዱ ኋላ ታላቅ ደራሲና አርታኢ የሆነው ፍሬደሪክ ፖል ነው። ይህን ለአዲስ መጪ ሁሉ እነግራለሁ። ማኅበረሰባችን ሥራውን የጀመረው በር በመዝጋት ነው፤ በር መክፈትን የተማረው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1951 ጉባኤው ኒው ኦርሊንስ ላይ በሴንት ቻርልስ ሆቴል ተደረገ። አንድ ሌሊት በክፍል 770 የተሰበሰቡት ሳይበተኑ አነጉ። የዚያ ሌሊት ወሬ ከመድረክ ንግግሮቹ ሁሉ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ1978 የተጀመረው «ፋይል 770» የተባለው የአድናቂዎች የዜና መጽሔት ስሙን የወሰደው ከዚያ ክፍል ነው። በ1976 ደግሞ ካንሳስ ሲቲ ላይ ደራሲዎቹ ጆርጅ አር አር ማርቲን እና ጋርድነር ዶዝዋ፣ ጉባኤው ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥራዎች የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ላመለጣቸው ሰዎች በማርቲን ክፍል ግብዣ አደረጉ፤ ያም በኋላ የጉባኤው ነባር ልማድ ሆነ። በአንድ መኝታ ክፍል የተጀመረው ይህ ግብዣ እያደገ ሄዶ በ2019 ደብሊን ላይ በጊነስ ቢራ የጎብኚዎች ሕንፃ ሲደረግ፣ ቦታው ሞልቶ የተጋበዙ እጩዎች ውጭ ለመጠበቅ ተገደዱ። ብዙ ሰው አዘነ። ግብዣ ከአስተናጋጁ ዓይን በላይ ሲሰፋ የሚጎዳው እንግዳው ነው፤ የእናንተ ግብዣ ትንሽ መሆኑን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት።

ስለ ሰው ብዛት ጠይቀሻል። ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ አያመሽም፤ ከበር ወደ በር ይዞራል። እንደ ማየው አንድ ተራ ክፍል ባንድ ጊዜ ከሃያ ሰው በላይ ከያዘ ያፍናል፤ በሌሊቱ ውስጥ ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ይገባል ይወጣል። የክፍሉን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በጉባኤው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። የሆቴሉን ግድግዳ በማጣበቂያ እንዳትነኩ፤ ቀለሙ ከተላጠ ሂሳቡ ለጉባኤው ይመጣል። አዘጋጆቹን ደግሞ ከአሁኑ አነጋግሩ። የግብዣ ፎቅ ለይተው ከያዙ እዚያ እንዲመድቧችሁ ጠይቁ፤ ጎረቤታችሁ ሁሉ ነቅቶ የሚያመሽ ሲሆን ማንም አይከሳችሁም።


የሌሊት ተረኛ (ከዲሲ ወጣ ብሎ)

ልጄ ትዕግሥት፣ እኔ ለአድናቂነት እንግዳ ነኝ፤ ለሆቴል ግን አይደለሁም። በዚህ አካባቢ ሆቴሎች ውስጥ ክፍል በማጽዳት ጀምሬ ዛሬ በሌሊት እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። እንደ እኔ ያለ ስንት ሐበሻ በየሆቴሉ እንዳለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለውን ልንገርሽ።

ከሰል፣ በፍጹም። ይህን የምልሽ የሆቴሉን ሕግ ፈርቼ አይደለም። የትልልቅ ሆቴሎች መስኮት ብዙውን ጊዜ አይከፈትም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። በአገራችን በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩትን ሁላችንም ሰምተናል። ሃያ ሰው የተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ ማሰብም አይገባም።

መቁላቱን ቤትሽ ጨርሺ። ጭሱ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል፤ በአንዳንድ ሆቴል ምልክቱ በቀጥታ ወደ ጥበቃ ክፍል ይሄዳል፤ በአንዳንዱ ደግሞ ፎቁ በሙሉ በሌሊት ልብስ ወደ ደረጃ ይወርዳል። ጠቋሚውን በላስቲክ የሚሸፍኑ እንግዶች አይቻለሁ። ያን ያደረገ እንግዳ እኔ ባለሁበት ሆቴል ሌሊቱን ሳያጋምስ ይወጣል፤ መውጣትም ይገባዋል፣ የሌላውን ሰው ሕይወት ይዞ ነውና የተጫወተው። ዕጣኑንም ተዪው። ሆቴሉ ዕጣንን ከሲጋራ ለይቶ አያይም፤ ሽታው መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ከገባ የጽዳት ቅጣት ያስከፍላል።

ታዲያ እንዴት ይፈላል? የኤሌክትሪክ ምድጃ በመኝታ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆቴል ይከለክላል፤ ደብቀሽ አታስገቢ። ትንሽ ኩሽና ያለው ስዊት ካለ እሱን ያዙ፤ ከሌለ ደግሞ አስቀድማችሁ አፍልታችሁ በፔርሙስ አምጡና በጀበና እየገለበጣችሁ ቅዱ። ሥነ ሥርዓቱ ይጎድላል፤ አውቃለሁ። እንግዳው ግን የሚያስታውሰው የቀዳሽለትን እጅ ነው።

ስለ ጩኸት ጠይቀሽ ባይሆንም ልንገርሽ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች አንድ እንግዳ ሲያማርር መጀመሪያ ስልክ እንደውላለን። ሁለተኛ ሲያማርር ጥበቃ ወደ በሩ ይሄዳል። ሦስተኛ ካማረረ ግብዣው አለቀ። ስልኩ ሲደወል «ይቅርታ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን» የሚል አንድ ያልጠጣ ሰው ካላችሁ ሁለተኛው አይመጣም።

ክፍል የሚያጸዱትን ደግሞ አስቢያቸው። እባክሽ። የቡና አተላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይደፋም፤ ቧንቧ ይደፍናል። ፈንዲሻ ምንጣፍ ላይ ከተረገጠ በመጥረጊያ ማሽን እንኳ በቀላሉ አይለቅም። ቄጤማ መጎዝጎዝ ከፈለግሽ ከሥሩ ሰፊ ላስቲክ አንጥፊ፤ ጠዋት ጠቅልለሽ ታወጪዋለሽ። ተጨማሪ የቆሻሻ ከረጢት ከእኛ ጠይቂ፣ እንሰጣለን። ጉርሻ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ፣ ለጽዳት ሠራተኛ መሆኑን ጽፈሽ ተዪ። ዛሬ ያጸዳችውና ነገ የምታጸዳው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። የግብዣ ሌሊት ጠዋት ላይ አሥራ ስምንት ሊትር በረዶና የተረገጠ ብስኩት የምትጠርገው ሴት የጉባኤው ባጅ የላትም፤ ያን ሌሊት ግን ከማንም በላይ የተሸከመችው እሷ ናት።


ዘካርያስ

አስተያየቴ ደስ ላይል ይችላል፤ ግን የማምንበትን እጽፋለሁ። ቡና የጎረቤትና የቤተ ዘመድ ነገር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ተመርቆ የሚጠጣ ነው። ይህን ወስደን ግማሹ ሰው ሰክሮ፣ ግማሹ ጭንብል አጥልቆ በሚዞርበት ፎቅ ላይ ማቅረብ ለሌሎች መዝናኛ ማድረግ ይሆንብኛል። ክፍት በር ያላችሁትም አያስደስተኝም። ማን እንደሆነ የማላውቀውን ሰው በውድቅት ሌሊት እኅቶቼ ወዳሉበት መኝታ ክፍል አስገባለሁ? ትዕግሥት ሆይ፣ ልብሽ ንጹሕ መሆኑ ይታየኛል። ቦታው ግን ይህ አይመስለኝም።


ትዕግሥት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ ዘካርያስ፣ በአክብሮት ስለ ጻፍህልኝ አመሰግናለሁ። ግን አልስማማም።

አያቴ ወሎ ውስጥ መንገድ ዳር ነበር ቤቷ። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ይገባ ነበር፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ነበር የሚገባው። ለማያውቁት ሰው በር መክፈትን የተማርሁት ከባልቲሞር ሆቴል አይደለም፤ እዚያ ሳገኘው ግን አወቅሁት። በሆቴሉ ፎቅ ላይ የሚዞረው ሰው እኮ መንገደኛ ነው። ከኦሃዮ፣ ከስኮትላንድ፣ ከየትም ብቻውን የመጣ፣ በከተማው አንድ ዘመድ የሌለው። ቡና ለእንዲህ ያለ ሰው ካልሆነ ለማን ነው?

ስለ ስካሩ የተናገርኸው ግን እውነት አለበት፤ ለዚህም ነው ምክር የጠየቅሁት።


ሰባተኛ ፎቅ (ቺካጎ)

ዘካርያስ፣ ሌሊቱ ሁሉ መጠጥ አይደለም። አድናቂዎች ራሳቸው በደረሷቸው የጠፈርና የዘንዶ ዘፈኖች ጊታር ይዘው በክብ ተቀምጠው የሚያነጉበት ክፍል አለ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው፤ እዚያ ብዙው ሰው ሻይና ውኃ ነው የሚጠጣው። ሻይ ብቻ የሚቀርብባቸው ክፍሎችም አይቻለሁ። ከዚያ ሌላ የከተሞች ፉክክር አለ። ዓለም አቀፉ ጉባኤ የት እንደሚደረግ የሚወሰነው በአባላት ድምፅ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ በየጉባኤው ክፍል ይዘው የአገራቸውን ምግብና መጠጥ እያቀረቡ ድምፅ ይለምናሉ። ስኮትላንዶች በአገር ልብሳቸው ቆመው ውስኪ ይቀዳሉ። አንድ ሰው የአገሩን ነገር ይዞ በሩ ላይ መቆሙ እዚያ መዝናኛ ሆኖ አይቆጠርም፤ ራስን የማስተዋወቂያ ወግ ነው።


ራሔል

የስካሩን ነገር እኔ ልያዘው፤ በእነዚህ ግብዣዎች በር ላይ ብዙ ቆሜአለሁና።

እውነቱን እንናገር። ይህ ባህል ለሴቶች ለረጅም ጊዜ ደግ አልነበረም። ታዋቂው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ በጉባኤዎች ላይ ሴቶችን ያለ ፈቃዳቸው ይነካ እንደነበር በሰፊው ተጽፎአል፤ በዘመኑ ሰዎች ይስቁበት ነበር። ለውጥ የመጣው ሴቶች በግልጽ መናገር ሲጀምሩ ነው። በ2013 ደራሲው ጆን ስካልዚ ግልጽ የሆነ የጸረ ትንኮሳ ደንብ በሌለው ጉባኤ በእንግድነት እንደማይገኝ አስታወቀ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። በ2014 የኒውዮርክ ኮሚክ ኮን «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» (የገጸ ባሕርይ ልብስ መልበስ ለመነካት መፍቀድ አይደለም ማለት ነው) የሚል ትልልቅ ጽሑፍ አቆመ። ዛሬ ደንብ የሌለው ስም ያለው ጉባኤ ማግኘት ያስቸግራል። ደንቡ ግን የሚሠራው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በአንቺ ክፍል ውስጥ ሰው ሲያስከብረው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ማናችሁም ያላሰባችሁት አንድ ነገር አለ። ቡና የምትቀዳው ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ትለብሳለች አይደል? በዚያ ሕንፃ ውስጥ ግማሹ ሰው የገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የእሷንም ልብስ እንደዚያ ያዩታል። ሳይጠይቁ ፎቶ ያነሷታል፣ ጥለቱን ይዳስሳሉ፣ «ይህ ከየትኛው ፊልም ነው?» ይሏታል። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ግን እሷ እሳት የመሰለ ጀበና ይዛ ተቀምጣለች፤ ተነሥታ መሸሽ አትችልም። በሩ ላይ በግልጽ ጻፉ፦ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ፤ ልብስ አይነካ። አጠገቧም ሁልጊዜ አንድ ሰው ይኑር።

በሩ ላይ ባጅ የሚያይ ሰው ይቁም፤ በየሰዓቱ ይቀያየር። የሰከረ ሰው ከመጣ ውኃ ስጡትና ወንበር ስጡት። ሰክራ የደከመች ልጅን «ወደ ክፍሏ አደርሳታለሁ» የሚል ወንድ ከመጣ ግን፣ ማን እንደሆነ እሷ ነቅታ ካልመሰከረች አትልቀቁ፤ የጉባኤውን የደኅንነት ቡድን ጥሩ። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ በፕሮግራሙ መጽሔት ላይ ይገኛል፤ ገልብጣችሁ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ለጥፉት። ክፍላችሁ ውስጥ የገባች ሴት የእናንተ እንግዳ ናት። እስክትወጣ ብቻ ሳይሆን ደኅና እስክትደርስ ድረስ።


የአትላንታው

ራሔል ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን በክፍት በር ነገር ላይ ከጋሼ ሰባተኛ ፎቅ ጋር አልስማማም። እርስዎ የሚሉት አንድ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ሰው በሚመጣበት ጉባኤ የሚሠራ ነው። እኛ ጋ ድራጎን ኮን የሚባል ግዙፍ የአድናቂዎች ጉባኤ አለ፤ ከ1987 ጀምሮ የነበረ፣ በሌበር ደይ ሰሞን አምስት የመሐል ከተማ ሆቴሎችን የሚሞላ። ከኮሮና በፊት ከ80,000 ሰው በላይ ይመጣ ነበር። እዚያ በርህን ወለል አድርገህ ብትከፍት በሩብ ሰዓት ውስጥ ክፍልህ የአንተ አይሆንም። ሌሊት ላይ ሆቴሎቹ ቁልፍ ወይም ባጅ ያላሳየ አያስገቡም።

ስለዚህ ሌሊቱ የሚያልፈው በሎቢ ነው። ሕንፃዎቹም ለዚያ የተሠሩ ይመስላሉ። በ1967 የተከፈተው ሀያት ሪጀንሲና በ1985 የተከፈተው ማርዮት ማርኪስ ሁለቱም የአርክቴክቱ የጆን ፖርትማን ሥራዎች ናቸው፤ መሐላቸው እስከ ጣራው ክፍት ነው፣ ኮሪደሮቹ በረንዳ ሆነው ቁልቁል ያሳያሉ። ከላይ ሆነህ ስታይ የለበሰው ሰው ሁሉ እንደ መስቀል አደባባይ ሕዝብ ይፈሳል። በአየር ላይ ድልድይ ከሆቴል ሆቴል ይሻገራሉ። ክፍል ውስጥ ግብዣ የሚያደርጉ አሉ፤ ግን የሚያውቁትን ነው የሚጠሩት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነቱን ሌሊት አናውቀውም አትበሉ። ከ1984 ጀምሮ ባለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽናችን በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለእግር ኳስ ስንሰበሰብ ሎቢው ውስጥ ማን ይተኛል? ከአሥር ዓመት በፊት የተለየኸውን የሠፈር ልጅ የምታገኘው አሳንሰር ስትጠብቅ ነው። ግን እዚያም ክፍል የሚከፈተው ለሚተዋወቅ ነው። ትዕግሥት፣ ባልቲሞር ላይ ክፍት በሩ ይሠራልሽ ይሆናል። ወደ እኛ ከመጣሽ ግን በስም ጥሪ።


ሰባተኛ ፎቅ (ቺካጎ)

የአትላንታው፣ ስለ ብዛቱ እውነትህን ነው፤ በ80,000 ሰው መካከል እኔም በሬን አልከፍትም። ሆኖም የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። በጥሪ ብቻ የሆነ ሌሊት ብቻውን የመጣውን ሰው ኮሪደር ላይ ያስቀረዋል። ማንንም የማያውቅ ሰው ማን ይጠራዋል?


የዮናታን እናት

ይቅርታ፣ በመካከል ገባሁ። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አኒሜ፣ የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ይወዳል። በየካቲት ናሽናል ሃርበር ሜሪላንድ ወደሚደረገው ካትሱኮን ወደሚባለው የአኒሜ አድናቂዎች ጉባኤ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ማደር ይፈልጋል። እናንተ የምትሉትን ሳነብ ልቤ ተሰቀለ። ልከልክለው?


ራሔል

አይከልክሉት እማማ፤ ግን ብቻቸውን አይደሩ። እርስዎ ወይም አንድ ትልቅ ሰው በዚያው ሆቴል ክፍል ይያዙ። በዚህ አገር ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ መጠጥ መስጠት ወንጀል ነው፤ ጨዋ አስተናጋጅ በሩ ላይ መታወቂያ ያያል፤ መታወቂያ የማይጠይቅ ክፍል ልጅዎ የማይገባበት ክፍል ነው፤ ይህን አስቀድመው ይንገሩት። የአኒሜ ልጆች ሌሊት ደስታቸው ከክፍል ይልቅ የሆቴሉ ትልቅ የመስታወት አዳራሽ ውስጥ ልብሳቸውን እየተያዩ ፎቶ መነሳት ነው።

ደግሞ የአድናቂዎችን የቆየ ደንብ ያስይዙት፤ አምስት ሁለት አንድ ይባላል። በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። ሦስተኛውን በተለይ ያጥብቁበት።


ብርሃኑ (ቴል አቪቭ)

ከእኛ ዘንድ አይኮን የሚባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፌስቲቫል በሱኮት (በዳስ) በዓል ሰሞን በሲኒማቴክ ፊልም ቤትና በአካባቢው ነው የሚደረገው። ሆቴል የለበትም። አገሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ማታ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ ክፍት በር ስታወሩ ቀናሁ። ውይይቱ ሲሞቅ «የመጨረሻው አውቶቡስ» ተብሎ የሚበተን ጉባኤ ነው ያለን። የእናቴን ጀበና ይዤ ሜዳው ላይ ብቀመጥስ የሚል ሐሳብ ግን አሁን መጣልኝ።


ሄለን (አሌክሳንድሪያ)

አንድ ነገር ማንም አላነሣም። ስኒ! አሥር ስኒ ይዛችሁ በአንድ ሳህን ውኃ እያለቀለቃችሁ ለሃምሳ ሰው ልትቀዱ ነው? ከጉባኤ በኋላ ሳል ይዞ መመለስ ከኮሮና በፊትም የታወቀ ነበር። በታኅሣሥ 2021 ዓለም አቀፉ ጉባኤ እዚሁ ዲሲ በኦምኒ ሾርሃም ሲደረግ ጭንብል ግዴታ ነበር። አሁንም ጭንብል የማያወልቁ አሉ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መጠጣት ስለማይፈልጉ ቡናውን ይዘው የሚሄዱበት ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያ አስቀምጡላቸው። ስኒው ለሚቀመጡት ይሁን፤ ብዛት ያለው ይዛችሁ አንዴ የተጠጣበትን ወደ ጎን አድርጉ።

ከዳቦ ቆሎው አጠገብ ምን እንደተሠራበት በትንሽ ወረቀት ጻፉ። ስንዴ የማይስማማው፣ ለውዝ የሚገድለው ሰው አለ። በአድናቂዎች ዘንድ ይህ እንደ ቅንጦት አይታይም፤ ያልተጻፈበትን ምግብ የማይነኩ ብዙ ናቸው።


ሚኪ (አዲስ አበባ)

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ይህን ሁሉ እንደ ተረት ነው የማነበው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አነባለሁ፤ የምጫወትበት ሰው ግን ሁለት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ለቪዛውም ለትኬቱም አቅም የለኝም። አንድ ቀን በአፍሪካ ይደረግ ይሆን?


ሰባተኛ ፎቅ (ቺካጎ)

ሚኪ፣ ዓለም አቀፉ ጉባኤ እስከ ዛሬ በአፍሪካ ምድር ተደርጎ አያውቅም። የ2028ቱን ወደ ኪጋሊ ለማምጣት የተነሡ ሰዎች ግን አሉ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ መወዳደራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እናንተ ሦስታችሁ እስከዚያው ድረስ በወር አንድ ጊዜ ቤት ለቤት ተገናኙ። ዛሬ ሺዎች የሚመጡባቸው ጉባኤዎች መነሻቸው እንደዚያ ያለ ሳሎን ነው። አራተኛ ሰው በማስታወቂያ ፈልጉ፤ በሩን ለማታውቁት ክፈቱ።


ዘካርያስ

ሁሉንም አነበብሁ። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልለወጥሁም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቡና ለምን እንደሚጠጣ አሁንም አይገባኝም። ነገር ግን ትዕግሥት ስለ አያቷ የጻፈችውን ደጋግሜ አነበብሁት። በሩ ላይ የሚቆም ያልጠጣ ሰው ያስፈልጋል ብላችኋል፤ እኔ መጠጥ አልቀምስም፤ ኮሎምቢያ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ለባልቲሞር ቅርብ ነኝ። ባጁን ከገዛሁ ልቆምላችሁ እችላለሁ።


ትዕግሥት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዘካርያስ ወንድሜ፣ ባጁን እኛ እንገዛልሃለን። ከምሽቱ ሦስት እስከ ስድስት ያለውን ሰዓት ያዝልን፤ ከዚያ በኋላ ራሔል ትቀበልሃለች፤ በውስጥ መልእክት እሺ ብላኛለች።

የወሰንነውን ልጻፍ። ከሰልም ዕጣንም የለም። ቡናው ሲልቨር ስፕሪንግ ተቆልቶ ይወቀጣል። ኩሽና ያለው ስዊት ለማግኘት አዘጋጆቹን ጽፈን ጠይቀናል፤ ካልተገኘ እንደ እትዬ የሌሊት ተረኛ ምክር በፔርሙስ ይመጣል። ቄጤማውን በላስቲክ ላይ፤ ፈንዲሻውን ግን ትተነዋል፣ ለምንጣፉና ለጠራጊዎቹ ሲባል። በምትኩ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ከነዝርዝራቸው። የፎቶውን ጽሑፍ ሄለን በእንግሊዝኛ ልትጽፍልን ነው። የጽዳቱ ፖስታ በየቀኑ ይቀመጣል፤ ከአራታችን መዋጮ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው እሱ ነው።

የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። እትዬ፣ ለማፍረሻው ስንት ሰዓት ትመክሪናለሽ? በረካ ሳይደርስ ሰው መበተን አልፈልግም።


የሌሊት ተረኛ (ከዲሲ ወጣ ብሎ)

አቦሉን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩት፤ በረካው ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በሩን መለስ አድርጉና የቀረው ይጫወት። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት አብሩ፤ ሰው መብራት ሲያይ ጫማውን ይፈልጋል። የኔ ሆቴል ባይሆንም የዚያን ሌሊት ፈረቃ ለመቀየር ጠይቄአለሁ። ከፈቀዱልኝ ረከቦቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የናንተን ትንሽ ስኒ አላምነውም።


ትዕግሥት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እልል! የክፍሉ ቁጥር የሚታወቀው ቁልፍ ስንቀበል ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወዲያው እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታገኙታላችሁ።